ዳውንሎድ መሃል ላይ ሲቋረጥ፦ በሚቆራረጥ ኢንተርኔት ትልቅ ፋይል እስከ መጨረሻው ለማውረድ ዝርዝር መመሪያ

ሦስት ጊጋባይት የሚሆን ፋይል ማውረድ ጀምራችኋል። 87 በመቶ ላይ ኢንተርኔቱ ሄደ። ሲመለስ ዳውንሎዱ «አልተሳካም» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተናዶ ይሰርዘዋል። ሊንኩን እንደገና ይጫንና ከዜሮ ይጀምራል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ያው ነገር ይደገማል።

ይህ መመሪያ ከዚያ አዙሪት ለመውጣት ነው። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ መስመሩ ሲቋረጥ የወረደው ዳታ አይጠፋም። ዲስካችሁ ላይ አለ። በአብዛኛው የሚጠፋው እኛ ስንሰርዘው ወይም ፕሮግራሙ ሳናውቅ ሲሰርዝብን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የወረደውን እንጠብቃለን። ቀጥሎ ከቆመበት እንዲቀጥል እናደርጋለን። መስመሩን ማስተካከል ከነዚህ በኋላ ይመጣል፤ እሱ ሁልጊዜ በእጃችን አይደለምና።

ሲቋረጥ በውስጥ የሚሆነው

ብራውዘራችሁ ሰርቨሩን፣ ማለትም ፋይሉ የተቀመጠበትን የሩቅ ኮምፒውተር፣ «ይሄን ፋይል ላክልኝ» ይለዋል። ሰርቨሩ ከመጀመሪያው ባይት አንስቶ በተራ ይልካል። መስመሩ ሲቋረጥ ሰርቨሩ ይረሳችኋል። የት ላይ እንደቆማችሁ የሚያውቀው የእናንተ ኮምፒውተር ብቻ ነው። የሚያውቀውም በጅምር የቀረውን ፋይል መጠን አይቶ ነው።

ድረ ገጾች የሚግባቡበት ኤችቲቲፒ የሚባለው ደንብ ለዚህ መላ አለው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው 1.1 ስሪት ጀምሮ ኮምፒውተራችሁ «ከዚህኛው ባይት ጀምረህ ላክልኝ» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሰርቨሩ ከተስማማ 206 የሚል ቁጥር ይመልስና ቀሪውን ብቻ ይልካል። ካልተስማማ 200 ብሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው ይልካል። ከፋይሉ መጨረሻ አልፋችሁ ከጠየቃችሁት ደግሞ 416 ይላችኋል። 416 ስታዩ አትደንግጡ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፋይሉ ወርዶ አልቆ ሳለ እንደገና ልታስቀጥሉት ስትሞክሩ ነው።

እንግዲህ ከቆመበት እንዲቀጥል ሦስት ነገር ያስፈልጋል። በጅምር የቀረው ፋይል መኖር አለበት። ሰርቨሩ ከመሃል መላክ መፍቀድ አለበት። ሊንኩ አሁንም መሥራትና ያንኑ ፋይል መስጠት አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አይቀጥልም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ የሚያሟሉ ናቸው።

ደረጃ 1፦ «ሰርዝ» የሚለውን አትንኩ

ክሮም ላይ ዳውንሎድን መሰረዝ ማለት እስካሁን የወረደውንም ማጥፋት ማለት ነው። «ፖዝ» እና «ሰርዝ» ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ተረጋግታችሁ ተጫኑ።

በጅምር የቀረ ፋይል ከስሙ መጨረሻ ላይ የሚቀጠል የራሱ ቅጥያ አለው። ክሮምና ኤጅ «ሲአርዳውንሎድ» የሚል ቅጥያ ይሰጡታል። ፋየርፎክስ «ፓርት» ይለዋል። ሳፋሪ ደግሞ «ዳውንሎድ» ይለዋል። ፋየርፎክስ ከፓርቱ ጎን በትክክለኛው የፋይል ስም ባዶ ፋይል ያስቀምጣል። መጠኑ ዜሮ ነው። እሱን አይታችሁ «ሁሉም ነገር ጠፋ» እንዳትሉ፤ ዳታው ያለው ፓርቱ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዳውንሎድ ፎልደሩ ሂዱና ጅምሩን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። አንድ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ከዚህ በኋላ የምትሞክሩት ነገር ቢበላሽ እንኳ መመለሻ አላችሁ። ትልቅ ፋይል ከሆነ ይሄን ደረጃ በፍጹም አትዝለሉት።

የግል መስኮት ውስጥ ትልቅ ፋይል አታውርዱ። መስኮቱ ሲዘጋ ዳውንሎዱም አብሮ ይቋረጣል፤ ብራውዘሩም የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም።

ደረጃ 2፦ መስመሩ በእርግጥ መመለሱን አይታችሁ «ሪዙም» በሉ

የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ መሆኑ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሚያሳየው በእናንተና በራውተሩ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። ራውተሩ ከውጭ ጋር ይገናኝ አይገናኝ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዚህ በፊት ከፍታችሁት የማታውቁትን አንድ ድረ ገጽ ክፈቱ። ከተከፈተ መስመሩ አለ።

ከዚያ ከብራውዘሩ ሜኑ «ዳውንሎድስ» ገጽ ውስጥ ገብታችሁ «ሪዙም» (ቀጥል) የሚለውን ተጫኑ። ቁጥሩን አፍጥጣችሁ እዩት። 2.6 ጊጋባይት ላይ ከነበረ ከ2.6 መቀጠል አለበት። ወደ ዜሮ ከተመለሰ ወዲያው ፖዝ አድርጉት። ኮፒ ያደረጋችሁት ለዚህ ነበር።

አንድ ማታለያ ምልክት አለ። 3 ጊጋባይት መሆን የነበረበት ፋይል ድንገት በጥቂት ኪሎባይት «ተጠናቀቀ» ካለ የወረደው ፋይሉ ሳይሆን አንድ ድረ ገጽ ነው። «ጥቅልዎ አልቋል» ወይም «መጀመሪያ ሎግ ኢን ያድርጉ» የሚል ገጽ ይሆናል። በጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ብትከፍቱት ታዩታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከአቋራረጡ እወቁ

ሰዎች ቶሎ ወደ መስመሩ ይጠቁማሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው። ግን ሁልጊዜ አይደለም። ፋይሉ የት ላይና መቼ እንደሚቆም ብትመዘግቡ መልሱ ራሱ ይወጣል።

በየጊዜው በተለያየ ቦታ የሚቆም ከሆነ፣ አንዴ 12 በመቶ፣ አንዴ 60 በመቶ፣ ችግሩ መስመሩ ነው።

ሁልጊዜ 4 ጊጋባይት ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ ኢንተርኔቱን አትውቀሱ። የምታስቀምጡበት ፍላሽ ወይም ዲስክ ፋት32 በሚባለው ፎርማት የተዘጋጀ ነው ማለት ነው። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት በታች የሆነ ፋይል ብቻ ነው የሚይዘው። ፍላሹን ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ አድርጋችሁ ፎርማት ማድረግ አለባችሁ። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ውስጡ ያለውን አውጡ። ወይም በቀጥታ ኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ አውርዱት።

ሁልጊዜ እዚያው ባይት ላይ የሚቆም፣ ግን 4 ጊጋባይት ያልሆነ ከሆነ ዲስኩ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ወይም ሰርቨሩ ላይ ያለው ፋይል ራሱ ተበላሽቷል። ሌላ ምንጭ ፈልጉለት።

ከተጀመረ ከተመሳሳይ ጊዜ በኋላ የሚቆም ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ አንድ ሰዓት አካባቢ ሲሞላው፣ ሰርቨሩ ወይም ሊንኩ የጊዜ ገደብ አለው። ይሄ ደረጃ 5 ላይ ይመጣል።

ከኮምፒውተሩ ርቃችሁ ስትመለሱ ቆሞ የምታገኙት ከሆነ ደግሞ ኮምፒውተሩ ተኝቷል። ስክሪኑ ይጥፋ፣ ችግር የለውም። ኮምፒውተሩ ራሱ «ስሊፕ» ውስጥ ሲገባ ግን ኔትወርኩም ይዘጋል። ዳውንሎዱ እስኪያልቅ ከፓወር ሴቲንግ ውስጥ ስሊፕን አጥፉት። ላፕቶፕ ከሆነ ክዳኑን ስትዘጉትም ስለሚተኛ ክፍት ተዉት።

ደረጃ 4፦ ሰርቨሩ ከመሃል መቀጠል ይፈቅድ እንደሆነ ቀድማችሁ ፈትኑ

ይሄን ደረጃ ለቀጣዩ ትልቅ ዳውንሎድ ያዙት። ፋይሉ መውረድ ከጀመረ በኋላ አምስት ወይም አሥር ሜጋባይት ላይ ፖዝ አድርጉት። ትንሽ ጠብቁና አስቀጥሉት። ከቆመበት ከቀጠለ ጥሩ ነው። ከዜሮ ከጀመረ አሥር ሜጋባይት ብቻ ከስራችሁ እውነቱን አወቃችሁ። ሁለት ጊጋባይት ላይ ደርሶ ከማወቅ በብዙ ይሻላል።

ሌላ ምልክትም አለ። ዳውንሎዱ ጠቅላላ መጠኑንና የቀረውን ሰዓት የማያሳይ ከሆነ ሰርቨሩ ፋይሉን እዚያው በዚያው እየፈጠረ ነው የሚልከው። እንዲህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሃል አይቀጥልም። ጎግል ድራይቭ ላይ አንድ ሙሉ ፎልደር ዳውንሎድ ስታደርጉም ተጠንቀቁ። ድራይቭ ፎልደሩን ዚፕ አድርጎ ነው የሚልከው። መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ፎልደሩን ከፍታችሁ ፋይሎቹን አንድ በአንድ አውርዱ። አሰልቺ ነው፤ ግን አንዱ ቢቋረጥ ሌሎቹ አይነኩም።

ደረጃ 5፦ ሊንኩ ሞቶ ከሆነ አዲስ ሊንክ ለድሮው ፋይል ስጡት

«ሪዙም» ስትሉ 403 ወይም «ፈቃድ የለዎትም» የሚል መልስ ከመጣ ምናልባት የሊንኩ ጊዜ አልፏል። ብዙ ድረ ገጾች የሚሰጡት የማውረጃ ሊንክ ጊዜያዊ ነው። የማይክሮሶፍት የዊንዶውስ ማውረጃ ገጽ ለምሳሌ የሚሰጠው ሊንክ የሚሠራው ለ24 ሰዓት ብቻ ነው። አንዳንድ ድረ ገጾች ደግሞ ሊንኩን ከአይፒ አድራሻችሁ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ከምትታወቁበት ቁጥር፣ ጋር ያስሩታል። ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አድራሻችሁ ሊቀየር ስለሚችል ሊንኩ በዚያው ይሞታል።

የወረደው ግን አሁንም ዋጋ አለው። ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሱ። የማውረጃ ቁልፉን ተጫኑና አዲሱ ዳውንሎድ ሲጀምር ፖዝ አድርጋችሁ ሊንኩን ኮፒ አድርጉ። ኢንተርኔት ዳውንሎድ ማናጀር የምትጠቀሙ ከሆነ በተቋረጠው ፋይል ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ የማውረጃ አድራሻውን የማደስ አማራጩን ተጠቀሙ። ፕሮግራሙ አዲሱን ሊንክ ይዞ ከድሮው ይቀጥላል።

በብራውዘር ጀምራችሁት ከነበረ ከርል የሚባለው የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ያድናችኋል። አዳዲስ ዊንዶውስ፣ ማክና አብዛኛው ሊኑክስ ላይ አብሮ ይመጣል። የጅምሩን ፋይል ኮፒ ወስዳችሁ ስሙን ወደ ትክክለኛው የፋይል ስም ቀይሩት። ተርሚናሉን፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ እዚያ ፎልደር ላይ ክፈቱ። ከርልን አራት ነገር ትነግሩታላችሁ። ሊንኩ ወደ ሌላ ቦታ ቢመራው እንዲከተል፣ ይሄ ሰረዝና ትልቁ ኤል ነው። ከቆመበት እንዲቀጥል፣ ይሄ ሰረዝና ትልቁ ሲ ሆኖ ከጎኑ ለብቻው ሌላ ሰረዝ ይጨመርበታል። ውጤቱን በዚያው ስም እንዲያስቀምጥ፣ ይሄ ሰረዝና ትንሹ ኦ ነው፤ ስሙ ይከተለዋል። በመጨረሻ ሊንኩን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ታስገባላችሁ። ጥቅሱ የግድ ነው። ረጃጅም ሊንኮች ውስጥ ያሉ ምልክቶች ያለ ጥቅስ ትእዛዙን ይቆርጡታል።

ፋይሉ ሎግ ኢን የሚፈልግ ከሆነ ከርል የእናንተን መግቢያ አያውቅም። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ የዴቨሎፐር መሣሪያዎችን ክፈቱ። ኔትወርክ የሚለው ክፍል ውስጥ የማውረጃውን ጥያቄ ፈልጉና ራይት ክሊክ አድርጋችሁ እንደ ከርል ትእዛዝ ኮፒ አድርጉት። ከዚያ የማስቀጠያውን ምልክትና የፋይሉን ስም ጨምሩበት። ያ ትእዛዝ የመግቢያ መረጃችሁን ይዟል። ለማንም አትላኩት፣ የትም ቦታ ላይ አትለጥፉት።

ይሄ ዘዴ የሚሠራው ጅምሩ ፋይል ከመጀመሪያው አንስቶ በተከታታይ የተሞላ ከሆነ ነው። ፋይሉን ቆራርጦ ከብዙ ቦታ በአንዴ የሚያወርድ ፕሮግራም ጅምር ፋይሉ መሃሉ ላይ ክፍተት አለው። ክሮም ላይ የትይዩ ዳውንሎድ ቅንብርን ያበራ ሰውም እንዲሁ። በአንድ ማናጀር የተጀመረን ፋይል በሌላ ፕሮግራም ለመጨረስ አትሞክሩ።

ደረጃ 6፦ ለትልቅ ፋይል ብራውዘሩን ተዉት

መቶ ሜጋባይት ለማይሞላ ፋይል ብራውዘር ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነና መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ዳውንሎድ ማናጀር ተጠቀሙ። ምክንያቱ ፍጥነት አይደለም። ማናጀር ሲቋረጥ ራሱ ይሞክራል። እናንተ ተኝታችሁም ቢሆን።

ፍሪ ዳውንሎድ ማናጀር ነፃ ነው፣ መልኩም ቀላል ነው። ጄዳውንሎደርም ነፃ ነው፤ ብዙ ሊንኮችን በአንዴ ለሚያወርድ ሰው ይመቻል። ኢንተርኔት ዳውንሎድ ማናጀር የሚከፈልበት ነው፤ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ነው። በትእዛዝ መስመር መሥራት ለማይከብደው ደብሊውጌት እና ኤሪያ2 አሉ። የትኛውንም ብትመርጡ ከራሱ ከፕሮግራሙ ድረ ገጽ አውርዱት። «ክራክ» የተባለ ስሪት ከየትም ማምጣት ለቫይረስ በር መክፈት ነው።

ፕሮግራሙን መጫን ብቻ ግን አይበቃም። ሦስት ቅንብሮችን ማስተካከል አለባችሁ። ልዩነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የሙከራ ብዛት ነው። ደብሊውጌት ካልነገራችሁት 20 ጊዜ ሞክሮ ይተዋል። 0 ብላችሁ ብትሰጡት ያለገደብ ይሞክራል። ሌሎቹም ማናጀሮች ተመሳሳይ ቅንብር አላቸው። በሙከራዎቹ መካከል ያለውን ጊዜ አሥር ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት። መስመሩ ገና ሳይመለስ ደጋግሞ መሞከር ሙከራውን ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው የመጠበቂያ ጊዜ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። መጥፎ መስመር ሁልጊዜ በግልጽ አይቋረጥም። አንዳንዴ ዳውንሎዱ «በመውረድ ላይ» እንዳለ ሆኖ ምንም ባይት አይመጣም። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ደብሊውጌት በዚህ ሁኔታ 900 ሰከንድ ይጠብቃል፤ 15 ደቂቃ ማለት ነው። ወደ 30 ሰከንድ አውርዱት። 30 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ግንኙነቱ ሞቷል ብሎ አዲስ ይከፍታል። የሚቆራረጥ መስመር ላይ አንድ ቅንብር ብቻ ቀይሩ ብባል እኔ የምቀይረው ይሄን ነው።

ሦስተኛው የግንኙነት ብዛት ነው። ማናጀሮች አንድን ፋይል ቆራርጠው በብዙ ግንኙነት በአንዴ ማውረድ ይችላሉ። ኤሪያ2 ከአንድ ሰርቨር እስከ 16 ድረስ ይከፍታል። ከፍተኛውን ቁጥር መምረጥ ያጓጓል። አትምረጡት። ዳታ በመንገድ ላይ በሚጠፋበት መስመር ላይ ጥቂት ተጨማሪ ግንኙነት ይረዳል፤ አንዱ ቀስ ሲል ሌላው ይሠራልና። ሲበዛ ግን ደካማውን መስመር ራሳቸው ያጨናንቁታል። አንዳንድ ሰርቨሮችም ብዙ ግንኙነት ሲያዩ ይዘጋሉ። ከሁለት እስከ አራት በቂ ነው።

ደብሊውጌት ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። ለማስቀጠል ከትእዛዙ ቀጥሎ ሰረዝና ትንሹ ሲ፣ ከዚያ ሊንኩ ይጻፋል። ነገር ግን የቤታችሁ ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ የሰርቨሩን ስም ወደ አድራሻ መቀየር አይቻልም። ደብሊውጌት ይሄን እንደ ከባድ ስህተት ቆጥሮ ሙከራዎቹ ሳያልቁ ይወጣል። የአስተናጋጅ ስም ስህተት ሲመጣ እንደገና እንዲሞክር የሚያዝ አማራጭ አለው፤ አብሩት። ትክክለኛ አጻጻፉን ደብሊውጌትን «ሄልፕ» ብላችሁ ስትጠይቁት ከአማራጮቹ ዝርዝር ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ኤሪያ2 በበኩሉ ከምታወርዱት ፋይል ጎን በራሱ ስም የሚጠራ ትንሽ ፋይል ይፈጥራል። የትኛው ክፍል እንደወረደ የሚመዘግበው እዚያ ነው። ፋይሉ ሳያልቅ እሱን አትሰርዙት።

ደረጃ 7፦ ቶረንት ካለ ቶረንቱን ምረጡ

ቶረንት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የተሰረቀ ፊልም ነው። አሠራሩ ግን ለሚቆራረጥ መስመር የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ብራም ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ዘዴ ነው። ፋይሉ በትናንሽ ቁራጮች ይከፈላል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሲደርስ ለብቻው ይመረመራል። የተበላሸው ይጣልና እንደገና ይጠየቃል። መስመሩ ቢቋረጥ የደረሱት ቁራጮች ተረጋግጠው ቁጭ ብለዋል። የሚያልቅ ሊንክም የለም።

ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሊብሬኦፊስ እና ኢንተርኔት አርካይቭ ፋይሎቻቸውን በሕጋዊ መንገድ በቶረንትም ይሰጣሉ። ማውረጃ ገጻቸው ላይ ፈልጉት። ኪውቢትቶረንት ነፃና ማስታወቂያ የሌለበት ፕሮግራም ነው። ቶረንት እያወረደ ለሌሎችም ስለሚልክ የመላኪያውን ፍጥነት ገድቡት። ያለዚያ ጥቅላችሁን ይበላል፤ መስመሩንም ያጨናንቃል።

ብዙዎች የማያውቁት ጥቅም ደግሞ ይሄ ነው። በብራውዘር አውርዳችሁት የተበላሸ ትልቅ ፋይል አለ እንበል። ያው ፋይል በቶረንት ካለ የተበላሸውን ቶረንቱ በሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ በትክክለኛው ስም አስገቡት። ከዚያ ኪውቢትቶረንትን እንደገና እንዲመረምር እዘዙት። ፕሮግራሙ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል። ደህና የሆኑትን ይቀበላል፣ የተበላሹትን ብቻ ያወርዳል። ብዙ ጊጋባይት ከመድገም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ይበቃችኋል።

ደረጃ 8፦ አልቋል ሲል አትመኑት፣ አረጋግጡ

ብዙ ጊዜ የተቋረጠና የተቀጠለ ፋይል ሙሉ መስሎ ሊበላሽ ይችላል። በመሃል ሰርቨሩ ላይ ፋይሉ በአዲስ ስሪት ተተክቶ ከሆነ ግማሹ የድሮው፣ ግማሹ የአዲሱ ይሆናል። ወይም የስህተት ገጽ ፋይሉ መሃል ገብቷል።

መጀመሪያ መጠኑን አስተያዩ። ከተባለው ካነሰ አላለቀም። ከበለጠ ደግሞ የሆነ ነገር ተደርቦበታል፤ ማስቀጠሉ ከቦታው ሳይሆን ከመጀመሪያው ልኮ ነው።

ቀጥሎ ሃሹን አመሳክሩ። ጥሩ ድረ ገጾች ከፋይሉ ጎን ኤስኤችኤ-256 የሚል ረጅም ኮድ ያስቀምጣሉ። 64 ፊደላትና ቁጥሮች አሉት። ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትቀየር ኮዱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ዊንዶውስ ላይ ፓወርሼል ውስጥ «ጌት-ፋይልሃሽ» የሚለው ትእዛዝ ያወጣዋል። ሊኑክስ ላይ «ኤስኤችኤ256ሰም» ነው። የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን ፊደላት ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ ሁለቱንም ኮዶች አንዱን ከሌላው በታች ለጥፋችሁ አስተያዩ።

ሃሽ ያልተቀመጠለት ዚፕ ወይም ራር ፋይል ከሆነ በሰቨንዚፕ ከፍታችሁ «ቴስት» የሚለውን ተጫኑ። ሳይፈታው ውስጡን ይመረምራል። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልትጭኑበት ከሆነ ይሄን ደረጃ መዝለል ቀኑን ሙሉ ሊያስከፍላችሁ ይችላል። የተበላሸ ጫኝ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚቆመው ዲስኩን ካጸዳ በኋላ ነው።

ደረጃ 9፦ አሁን ወደ መስመሩ

መቆራረጡ ከቤት ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ይሄን ለመለየት ሁለት ተርሚናል በአንዴ ከፍታችሁ ሁለቱም ላይ ፒንግ የሚባለውን ትእዛዝ ስጡ፤ ፒንግ አንድን አድራሻ «አለህ?» እያለ ይጠይቃል። አንዱ ራውተራችሁን ይጠይቅ። የራውተሩ አድራሻ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። ሌላው ውጭ ያለ አድራሻ ይጠይቅ፤ 8.8.8.8 ይሁን። ዊንዶውስ ላይ ሰረዝና ቲ ካልጨመራችሁ አራት ጊዜ ጠይቆ ይቆማል። ዳውንሎዱ እስኪቋረጥ ጠብቁ።

ራውተሩ ራሱ መመለስ ካቆመ ችግሩ ዋይፋያችሁ ነው። ከተቻለ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ። ለትልቅ ዳውንሎድ ብቻ እንኳ ቢሆን። ኬብል ከሌለ ተጠጉ። ራውተሩ ሁለት ሞገድ ካለው 5 ጊጋኸርትዝ የሚለውን ሞክሩ፤ ከ2.4 ይልቅ መጨናነቁ ያነሰ ነው፣ ግን ግድግዳ ይከብደዋል። 2.4 ላይ ከቆያችሁ ከራውተሩ ቅንብር ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉት። ሌሎቹ ቁጥሮች ከጎረቤት ጋር ይደራረባሉ።

ራውተሩ እየመለሰ ውጭው ከቀረ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ራውተሩ ጋር የሚገባውን ገመድ አጥብቁ። ራውተሩ በጣም ግሎ ከሆነ አየር የሚያገኝበት ቦታ አድርጉት። ካልተስተካከለ የተቋረጠበትን ሰዓትና ለምን ያህል ደቂቃ እንደቆየ መዝግባችሁ ለአገልግሎት ሰጪው ደውሉ። «ኢንተርኔቱ ይቆራረጣል» ከማለት የሰዓት ዝርዝር መስጠት የበለጠ ያሠራል።

ሁለቱም እየመለሱ መዘግየቱ በጣም የሚጨምር ከሆነ መስመሩ ሞልቷል። የቤተሰብ ስልክ ፎቶዎችን ወደ ክላውድ እየጫነ ሊሆን ይችላል። የሚጫነው የመላኪያውን አቅጣጫ ሲሞላው ማውረዱም አብሮ ይታነቃል። ማናጀሩ ላይ ፍጥነቱን ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡት። ቤት ውስጥ ያለው ሰውም ይጠቀማል፣ ማንም መጥቶ ዳውንሎዳችሁን አያስቆማችሁም።

ሰዓቱን ማስላትም ይጠቅማል። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል በሜጋባይት። ለ8 አካፍሉት። 4 ሜጋቢት መስመር በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ያወርዳል። 4 ጊጋባይት ፋይል ያለ ምንም መቋረጥ ወደ ሁለት ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። ሊንኩ የሚያልቀው በአንድ ሰዓት ከሆነ ገና ከጅምሩ እንደማይበቃ ታውቃላችሁ።

ስልክ ላይ ከሆነ

አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን ያስቆማል። ለብራውዘሩ ወይም ለማናጀሩ የባትሪ ገደቡን አንሱለት፤ ዳታ ሴቨር በርቶ ከሆነም በጀርባ እንዲጠቀም ፍቀዱለት። አፑን ከቅርብ ጊዜ ዝርዝር ውስጥ ጠርጋችሁ አታጥፉት። ዋይፋይ ሲጠፋ ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ዞሮ እንዳይቀጥልባችሁ «በዋይፋይ ብቻ» የሚለውን አብሩ።

ሰርቨሩ በጭራሽ እምቢ ካለ

ከመሃል መቀጠል የማይፈቅድ ሰርቨር ላይ መጀመሪያ ሌላ ምንጭ ፈልጉ። ነፃ ሶፍትዌሮች ብዙ ጊዜ ሚረር የሚባሉ ተመሳሳይ ሰርቨሮች አሏቸው። አንዱ የማይፈቅደውን ሌላው ይፈቅዳል።

ፋይሉን የሚልክላችሁ ሰው ከሆነ ቆራርጦ እንዲልክ ጠይቁት። ሰቨንዚፕ ፋይሉን ሲያሽግ በምትፈልጉት መጠን ይከፍለዋል። 100 ሜጋባይት ለደካማ መስመር ጥሩ ልክ ነው። ቁራጮቹን ሁሉ አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጋችሁ የመጀመሪያውን ስትከፍቱ ራሱ ያገጣጥማቸዋል። አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ ትደግማላችሁ። ከጎግል መለያችሁ መረጃ የምታወጡበት ቴክአውትም በስንት ጊጋባይት እንደሚከፈል ይጠይቃችኋል። ትንሹን ምረጡ።

የክላውድ ፋይል ከሆነ ከብራውዘር ይልቅ የክላውዱን የኮምፒውተር አፕ ጫኑ። ፋይሉን ሲያመሳስል መስመሩ ቢቋረጥም ሲመለስ ራሱ ይቀጥላል። ፕሮግራመሮች ደግሞ ጊት ክሎን (የአንድን ፕሮግራም ኮድ ከነለውጥ ታሪኩ የሚያወርደው ትእዛዝ) ሲቋረጥ ከመሃል እንደማይቀጥል ያውቃሉ። ታሪኩን ትታችሁ የመጨረሻውን ብቻ እንዲያመጣ ጥልቀቱን 1 አድርጉት። የቀረው ታሪክ ካስፈለጋችሁ በኋላ በትንሽ በትንሹ ጥልቀቱን እየጨመራችሁ ታመጡታላችሁ።